በማኅተም የተዘጋው በር

ጋሽ ጥጋቡ ከደብራችን በር ከተነሡ ሁለት ወር ሞላቸው። አልሞቱም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለ አንድ ሽማግሌ ሰው «አልረሳቸውም» ብሎ የጀመረ ጸሐፊ ሁሉ ወዲያው ወደ ቀብር ስለሚነዳን፣ አንባቢም ነፍስ ይማር ለማለት ስለሚቸኩል ነው። እሳቸው ደልጊ ናቸው፤ ከጣና ማዶ፣ በእህታቸው ልጅ ቤት። ይህን ጽሑፍ ሰው ቢያነብላቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ምነው እስከ ዛሬ አረፈደ?» ብለው ነው።

እሳቸው ከሄዱ ወዲህ የቅጥር ግቢው በር ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ ይውላል። ያሻው ይገባል፣ ያሻው ይወጣል። ቅዳሴው ሊያልቅ ሲል የምንደርስ ሰዎች አንገታችንን ሳንደፋ፣ ደረታችንን ነፍተን እንገባለን። ለሃያ ዓመት የተመኘሁት ነገር ነበር፤ ሲመጣ ግን እንዳሰብሁት አልጣፈጠኝም።

ስማቸው ጥጋቡ ይባል እንጂ ሰውነታቸው ጥጋብ የሚባል ነገር ያየ አይመስልም። ረጅም ናቸው፣ ቀጭን ናቸው፣ ካኪ ኮታቸው ትከሻቸው ላይ የተሰቀለ እንጂ የተለበሰ አይመስልም። ከኮቱ በላይ ነጠላ ያጣፋሉ፤ በቀኝ እጃቸው መቋሚያ ይይዛሉ። መቋሚያ እንግዲህ ካህናት ማሕሌት ሲቆሙ የሚደገፉት ዘንግ ነው። እሳቸው ሲደገፉት አይቼ አላውቅም። ይጠቁሙበታል፣ ይለኩበታል፣ ከሁሉ በላይ ይከለክሉበታል። የደብሩ የሠራተኞች መዝገብ «ጥበቃ» ይላቸዋል፤ ይህን ቃል አይወዱትም ነበር። «ጥበቃ ለባንክ ነው» ይሉ ነበር። «ቤተ ክርስቲያንን የሚጠብቃት ባለቤቱ ነው። እኔ የምጠብቀው እናንተን ነው።»

መጠበቃቸውስ እውነት ነው። ማን በስንት ሰዓት ከየትኛው መንገድ ብቅ እንደሚል ያውቁ ነበር፤ በሰዓቱም መሠረት ስም ያወጡልናል። በጨለማ ተነሥተው ለኪዳን ጸሎት ቀድመው የሚደርሱ አንዲት አሮጊት አሉ፤ እማማ ኪዳን ይሏቸዋል፣ በሩንም ጎንበስ ብለው ይከፍቱላቸዋል። ወንጌል ከተነበበ በኋላ የመምጣት ልማድ ያለበት አንድ መሐንዲስ «ድኅረ ወንጌል» ተብሎ ቀረ። የእኔ ስም «እትዉ በሰላም» ነው። ዲያቆኑ በቅዳሴው ማብቂያ «በሰላም ወደ ቤታችሁ ግቡ» ብሎ ሕዝቡን የሚያሰናብትበት የግእዝ ቃል ነው። ቤቴ እዚያው ሹም አቦ ሰፈር፣ ከደብሩ የሰባት ደቂቃ መንገድ ነው። ይህን ሰባት ደቂቃ ነው ማሸነፍ ያቃተኝ።

«እንዴት አደርህ እትዉ በሰላም» ይሉኛል፣ ሰው በተሰበሰበበት። «ደኅና ነህ? እኛ ጨርሰናል።»

የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀ መንበር ሆኜ ስመረጥ ቢያንስ ስሙን ይተዉታል ብዬ ነበር። «አቶ እትዉ በሰላም» ወደሚለው ከፍ አደረጉት።

ከዚያ ያ በሽታ መጣ። ዛሬ ስናወራው ተረት እየመሰለ ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጎረቤቱ ሲያስነጥስ የማይደነግጥ አልነበረም። መጀመሪያ የደረሰን ትእዛዝ እጅ መታጠብና ሁለት ሜትር ተራርቆ መቆም ነበር። ጋሽ ጥጋቡ «ሜትር ያለው ግንበኛ ዘንድ ነው» አሉና በመቋሚያቸው ለኩት፤ አንድ መቋሚያ ከክንድ ሆነ። ግቢውን በሙሉ እየለኩ በኖራ ነጥብ ሞሉት። ሰው ሁሉ በየነጥቡ ላይ ይቆማል። ዝናብ ሲያጥበው እንደገና ይለካሉ፤ አንዲት ነጥብ አትሳሳትም።

አንድ እሑድ ባልና ሚስት አጠገብ ለአጠገብ ቆመው አገኟቸው። መቋሚያውን በመካከላቸው አስገቡ።

«ጋሽ ጥጋቡ፣ እኛ እኮ አንድ አልጋ ላይ ነው የምናድር» አለ ባል።

«የቤታችሁን አላውቅም። የዚህን ግን አንድ መቋሚያ ከክንድ ነው።»

ሚስትየው ወደ ሌላው ነጥብ ሄደች። ስትሄድ ፈገግ ያለች መሰለኝ።

አለቃችንን፣ የደብሩን አስተዳዳሪ ማለቴ ነው፣ በአንድ ጧት ሁለት ጊዜ አስታጥበዋቸዋል። ታጥበው ሲያልፉ ስልካቸው ጮኸ፤ አነሡት። ጋሽ ጥጋቡ መቋሚያውን እንደ አጥር ዘረጉና «አባታችን፣ ስልኩ አልታጠበም» አሏቸው። አለቃችን ተቆጡ፤ ተቆጥተው ሲያበቁ ታጠቡ።

ቀጥሎ ባሰ። በዐቢይ ጾም ማለቂያ ላይ ከጥቂት ካህናትና ዲያቆናት በቀር ማንም ወደ ግቢው እንዳይገባ፣ የትም ቢሆን ሰው እንዳይሰበሰብ የሚል ትእዛዝ ደረሰን። ደብዳቤውን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። የጽሕፈት ቤታችን ጸሐፊ ወይዘሮ አስናቀች ተየበችው፣ ማኅተም አደረገችበት፣ ወደ በሩ ይዤው ሄድሁ። ጋሽ ጥጋቡ ሦስት ጊዜ አነበቡት።

«‹ማንም› ሲል አንተንም ነው?»

«እኔንም።»

«ዘመድ፣ ወዳጅ፣ ባለ ሥልጣን?»

«ማንም ጋሽ ጥጋቡ፣ ማንም።»

ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልለው በኮታቸው የውስጥ ኪስ ከተቱ። በዚያች ደቂቃ የገዛ አንገቴን ገመድ ውስጥ እንዳስገባሁ አልገባኝም።

በዓመት አንድ ቀን የማላረፍደው ስቅለት ነው። ሰዉ ሁሉ እስኪመሽ የሚሰግድበት ቀን ነውና እኔም ነጠላዬን ለብሼ በጧት ደረስሁ። ከቅጥሩ ውጭ ሰዉ በአጥሩ ሥር ተሰልፎ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። እኔ ግን የኮሚቴ ሰው ነኝ፣ ደብዳቤውንም የጻፍሁ ነኝ፤ አንድ ጥግ ብሰግድ ማን ይጎዳል ብዬ ወደ በሩ ተጠጋሁ። በሩ ገርበብ እንኳ አላለም። በፍርግርጉ በኩል አዩኝ።

«ማንም ብለህ የጻፍኸው አንተ ነህ» አሉ።

«ጋሽ ጥጋቡ፣ እኔ እኮ...»

«አንተ አይደለህም የጻፍኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያማ ቃልህን አክብር።»

ሕዝቡ ይሰማል። ፊቴ ጋለ። ከድኅረ ወንጌል አጠገብ፣ አስፋልቱ ዳር ቦታ ፈልጌ እስከ ማታ ሰገድሁ፤ ግማሹን ስግደት ለእግዚአብሔር፣ ግማሹን ደግሞ ጋሽ ጥጋቡን እየረገምሁ። ጉልበቴ ለአንድ ሳምንት አልታዘዘኝም።

ትእዛዙ ሲላላ የሆነውን ደብራችን እስከ ዛሬ እየሳቀ ያወራዋል። መከፈቱ በሬዲዮ ተነገረና እሑድ ጧት ሰዉ ነጭ ለብሶ በሩን ሞላው። ጋሽ ጥጋቡ አይከፍቱም። አለቃችን ከውስጥ መጥተው ለመኗቸው፤ እኛ ከውጭ ጮኽን።

«ሬዲዮ ማኅተም የለውም» አሉ። «በማኅተም የተዘጋ በማኅተም ይከፈታል።»

ማኅተሙ የት ነው ሲባል በወይዘሮ አስናቀች መሳቢያ ውስጥ ነው። የመሳቢያው ቁልፍስ? ከወይዘሮ አስናቀች ጋር፣ ሐሙሲት ከተማ፣ እናቷ ቤት። ስልክ ተደወለላት። እሷ በሚኒባስ ተሳፍራ እስክትደርስ ያ ሁሉ ምእመን በፀሐይ ቆመ፤ ያውም ማንም ሳያዘው አንድ መቋሚያ ከክንድ ተራርቆ። ደርሳ ቁልፉን በፍርግርጉ ለአለቃችን አቀበለች፤ ማኅተሙና ወረቀቱ በዚያው ሲወጣላት በሩ ላይ፣ ጉልበቷን ጠረጴዛ አድርጋ የመክፈቻውን ደብዳቤ አተመች። ጋሽ ጥጋቡ ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥተው ክቡን ማኅተም መረመሩ። ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ አሉበት። ከዚያ በሩን በሁለቱም ክንፍ ከፈቱና ዘወር ብለው ቆሙ። የመጀመሪያዋ ገቢ እማማ ኪዳን ነበሩ፤ ገና የበሩን መድረክ ሳይሳለሙ ማልቀስ ጀመሩ። እኛም ከኋላቸው።

እንዲህ ያሉትን ነገሮች ሰብስቤ ነው የመሸኛውን ንግግር የጻፍሁት። ኮሮናው አልፎ፣ ጊዜው ሄዶ፣ የጋሽ ጥጋቡ እግርም እየከዳቸው መጣ። ወይዘሮ አስናቀችም ባለቤቷ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ልትሄድ ነው። ሁለቱን ባንድ ቀን እንሸኝ ተባለ፤ በሩን የዘጉትንና ማኅተሙን የያዘችውን ማለት ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደብሩ አዳራሽ ተሰበሰብን። ለእሳቸው ጋቢ፣ ለእሷ ሥዕለ አድኅኖ ተዘጋጅቷል። ዳቦው ተቆርሷል። ከፊት ወንበር ላይ ከጋሽ ጥጋቡ ጎን አንዲት አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ተቀምጣለች፤ ስመኝ ትባላለች፣ ልትወስዳቸው ከደልጊ በመርከብ የመጣች የእህታቸው ልጅ ናት። ዳቦውን አልነካችውም። ዓይን አፋር ናት ብዬ አለፍሁ።

ንግግሬን ጀመርሁ። የስልኩን አወራሁ፣ የማኅተሙን አወራሁ፤ ሰዉ በሳቅ ሞተ። ጋሽ ጥጋቡ አንገታቸውን ደፍተው ከንፈራቸውን ይነክሳሉ። ሳቁ ሲበርድ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ወደ ቁም ነገሩ ገባሁ።

«በዚያ ክፉ ጊዜ» አልሁ፣ «ስንቱ ሥራውን ጥሎ ሲሸሽ፣ ጋሽ ጥጋቡ አንድም ቀን ከበሩ አልተለዩም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። እልልታም ነበር። ስመኝ ከወንበሯ ተነሣች።

«እውነት ነው» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ጭብጨባው ግን ቆመ። «አንድም ቀን አልተለዩም። እናቴ ስትቀበርም አልመጡም። ጠጄ ትባላለች እናቴ፤ እህታቸው ናት፣ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻቸው። በሕማማት ማክሰኞ ሞተች። ዘመድ በእግሩም በበቅሎውም መጣ። አገሬው ‹ወንድሟስ?› ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። ዛሬም ልወስዳቸው የመጣሁ ሽማግሌ ሜዳ ላይ አይጣልም ብየ ነው። ‹ምንሽ ናቸው?› ቢሉኝ ምን እንደምል አላውቅም። እናንተ ለዚህ ነው የምታጨበጭቡ?»

ወረቀቱ በእጄ ላይ ቀረ። የቀረኝ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ሁሉም ውዳሴ ነው።

አለቃችን ቀስ ብለው «ጥጋቡ፣ እውነት ነው?» አሉ።

«እውነት ነው አባታችን።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸንም?»

«ብነግራችሁ ትመጡ ነበር» አሉ ጋሽ ጥጋቡ።

እሳቸው መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ደብሩ በሙሉ ይመጣ ነበር። ሰው እንዳይሰበሰብ የሚል ወረቀት በኪሴ ይዤ፣ የቤተ ክርስቲያንን በር ዘግቸ፣ በእኔ ደጅ ያን ሁሉ ሰው ላስቀምጥ? ወይስ ለቅሶ የመጣን ሰው በመቋሚያ ልመልስ? የለቅሶ ቤት በር እንደሁ አይዘጋም። እሱን መዝጋት አልችልበትም። ስለዚህ መርዶየን ለራሴ ነግሬ ዝም አልሁ።»

«መምጣቱስ?» አለች ስመኝ።

«ሕማማት ነበር ልጄ። እኔ ብነሣ ስቅለት ዕለት ሰዉ በሩን ገንጥሎ ይገባ ነበር። ይኸው፣ ይሄ ሰውየ እንኳ» አሉና መቋሚያውን ወደ እኔ ቀሰሩ፣ «ራሱ ጽፎት ራሱ ሊገባ መጥቷል።»

ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ተቋረጠ።

«በሆሳዕና፣ በሕማማት ለሚሞቱት ሁሉ ፍትሐት ይደረግ የለ?» አሉ ወደ ስመኝ ዞረው። «በሕማማት ፍትሐት ስለሌለ አስቀድሞ ነው የሚጸለይላቸው። በድምፅ ማጉያው ሰምቸዋለሁ። ለእሷ እንደሆነ አላወቅሁም እንጂ እስኪያልቅ ቆሜ ነው የሰማሁት።»

ስቅለት ዕለት በፍርግርጉ በኩል ሲያዩኝ መርዶ በሰሙ በሦስተኛው ቀን ነበር ማለት ነው። ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። በዚያው ፋሲካ ምሳ ይዤላቸው ሄጄ ራሳቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተው አገኘኋቸው። የስቅለቱ ቂም ገና አልለቀቀኝም ነበርና «ምነው ጋሽ ጥጋቡ፣ ለፋሲካ ሙሽራ መሰሉሳ» አልኋቸው። «ሙቀቱ ከፋ» ብለው ሳቁልኝ። የሐዘን ምላጭ መሆኑ ለአንድ አፍታ እንኳ አልታየኝም። በዕድሜዬ ብዙ ሰው ላይ ቀልጃለሁ፤ እንደዚያች ቀልድ ያፈርሁባት የለችም።

መጀመሪያ የተነሡት እማማ ኪዳን ናቸው። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱ፣ ጥለቱን ወደ ላይ ገለበጡና ሐዘን ላይ እንደሚለበሰው አዘቅዝቀው ለበሱት። ምርኩዛቸውን ይዘው ወደ ፊት ሄዱና ከስመኝና ከጋሽ ጥጋቡ ፊት፣ ባዶው ወለል ላይ ቁጭ አሉ።

«እማማ፣ ስንት ጊዜ ሆነው እኮ» አለ አንድ ሰው።

«እኛ ዛሬ ሰማን» አሉ። «ለእኛ የሞተች ዛሬ ነው።»

ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ወንዶቹ ወንበሩን ወደ ግድግዳ አስጠግተው በዙሪያው ተቀመጡ። አለቃችን ጸሎት አደረሱ፤ የጠጄን የክርስትና ስም ስመኝን ጠይቀው በስሟ ጠሩላት። ሰዉ ተራ በተራ እየመጣ ለሁለቱም «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይላል። ስመኝ መጀመሪያ እጇን እንደ ግንድ አድርጋ ነበር የምትሰጠው። ሠላሳኛው ይሁን አርባኛው ሰው ላይ፣ ድኅረ ወንጌል መሰለኝ፣ «እናትሽን ሳንቀብርልሽ ቀረን» ሲላት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ያ የተቆረሰ ዳቦ የለቅሶ ዳቦ ሆነ። ውኃ የምታቀርበው ወይዘሮ አስናቀች ነበረች፤ የእሷም መሸኛ መሆኑን እሷም እኛም ረሳነው።

በማግሥቱ ሊሄዱበት የነበረው መርከብ ያለ እነሱ ሄደ። ሦስት ቀን ተቀመጥን። ከሥራ የወጣ በዚያው ያልፋል፣ ምግብ ከየቤቱ ይመጣል። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ጥጋቡ ስለ እህታቸው ማውራት ጀመሩ። ቄስ ትምህርት ቤት የላከቻቸው እሷ ናት፤ ሲሸሹ ደግሞ አለንጋ ይዛ ሐይቁ ድረስ ያባረረቻቸው እሷ ናት። በሦስተኛው ቀን ስመኝ ታርማቸው ነበር። «አለንጋ አይደለም፣ የሸንበቆ ልምጭ ነው፤ እናቴ ስትነግረን ሸንበቆ ነበር» ትላለች። «ጀርባው የእኔ ነው፣ እኔ ነኝ የማውቀው» ይሏታል።

እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ሰው እስኪያንስ ጠበቅሁ።

«ጋሽ ጥጋቡ፣ ያን ፋሲካ ሙሽራ ያልሁዎት...»

«አስታውሳለሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅር ብያለሁ። ጠጄም ብትሰማህ ትስቅ ነበር፣ ቀልድ ትወዳለች።» በጎን አዩኝ። «ይልቅስ ለቅሶ እንኳ አርፍደህ ነው የምትደርስ?»

ሳቅሁ፤ እንባዬም አብሮ መጣ። እሳቸው ወደ ሌላ ወሬ ዞሩልኝ።

በአራተኛው ቀን ጧት ወደ ወደቡ ሸኘናቸው። እውነቱን ለመናገር እኔ ቀድሜ ደርሼ ነበር፤ አይተውኝ ምንም አላሉም። መርከቡ በጆንያና በሰው ጢም ብሏል። ስመኝ የእሳቸውን ሻንጣ ተሸክማ፣ በሌላ እጇ ክንዳቸውን ይዛ ወጣች። እኛ ከዳር ቆመን እናያለን። መቀመጫ ጠፍቶ ጋሽ ጥጋቡ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከጆንያዎቹ አጠገብ ሰፋ ብሎ የተቀመጠ አንድ ነጋዴ ቀና ብሎ ሁለቱን ተመለከተ።

«እኒህ አባት ምንሽ ናቸው?» አላት።

«የእናቴ ወንድም ናቸው» አለች ስመኝ፣ ዳር ላለነው እንኳ በሚሰማ ድምፅ። «ቦታ ልቀቅላቸው።»